ማይኩ ያስቀረው

ታዘበው ማይኩን ከአልቃሿ ከይርጋነሽ ነጠላ ላይ ሰካና ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ሸሸት አለ። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓይኑ በእንባ አብጧል።

ብሩክታይት ከባሏ እናት ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ባሏን ዘመነን ለመቅበር ከቢቸና ሞጣ ከመጣች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወረዳትም። ሴቶቹ ልብ ብለዋታል። ትናንት አንዷ ለሌላዋ፣ የተማረ ሰው ለባሉም አያለቅስ ብላ ስታንሾካሹክ ሰምታለች።  የሆዷን በሆዷ ይዛ አንድ ነገር ነበር የምትጠብቀው፤ የለቀስተኛውን መሳሳት።

አሁን ግን ከይርጋነሽ ደረት ላይ ቀይ መብራት አየች። ቀይ ሲሆን እየቀዳ ነው።

ያን ማይክ የመረጡት እሷና ዘመነ ተከራክረው ነው። ዘመነ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ግንደወይን ከተማ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ሲመርቁ ዘመዱ ሁሉ ጉልበት ሊስም ከበባቸው፤ የሰው ገላ የማይኩን ሞገድ ጋረደውና ምርቃቱ ተቆራርጦ ቀረ። ዘመነ ቪዲዮውን ያስረከበው አንገቱን ደፍቶ ነው። ከዚያ በኋላ ደህና ሽቦ አልባ ማይክ ካልገዛሁ ሥራውን እተዋለሁ አለ። ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ ተደፍተው አንዱን ከሌላው ሲያመዛዝኑ ሰነበቱ። እሱ የፈለገው ከሩቅ የሚይዘውን ነበር። እሷ የመሰናዶ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ናትና አልተዋጠላትም።

«ርቀቱ ምን ያደርግልሃል? ሰው ከጋረደው ያው ነው። በሆዱ የሚቀዳውን ውሰድ። ሞገዱ ቢቆረጥ እንኳ ድምፁ እዚያው ማይኩ ውስጥ ይቀራል።»

«እሺ መምህር» አላት እየሳቀ፤ «ደግሞ ፈተና ታወጪልኝ ይሆናል።»

የመረጡት ማይክ ሜሞሪው ሲሞላ ወይ ይቆማል፣ ወይ ከመጀመሪያው እየደመሰሰ ይቀጥላል። ሰርግ መሀል ከሚቆምስ ብለው እየደመሰሰ እንዲቀጥል አደረጉት።

ማይኮቹ ሁለት ነበሩ። ዘመነ ግን የራሱን ድምፅ ቪዲዮ ላይ አስቀርቶ አያውቅም፤ ጥያቄውን ሁሉ ቆርጦ ያወጣዋል። የቀራጭ ድምፅ እንደ ወጥ ቤት ጭስ ነው፣ እንግዳ ፊት አይወጣም ይላል። የገዛ ሰርጋቸው ቪዲዮ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ተደርቦበታል። በስልክም ቢሆን «ደርሻለሁ» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ስለዚህ በልጅነቱ ያስተማሩትን የቅኔ መምህር ሊቀርጽ ሞጣ ሲሄድ ብሩክታይት ለመነችው። አንዱን ለየኔታ፣ አንዱን ለራስህ አድርግ፤ ስትጠይቃቸው ይሰማ አለችው። እሺ አላት። ሜሞሪውን አጽድታ ባዶውን ሰጠችው።

ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ካሜራውና የየኔታ ማይክ ተሰባበሩ። የእሱ ግን ከቦርሳው ደህና ወጣ፤ እናቱ ጓዳ ተቀመጠ። ብሩክታይት በውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች። ለማንም አልተናገረችም። ባሏን ቀብራ ሳትውል ሳታድር ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ሴት ምን ትባላለች? ሰው ይውጣ፣ ከዚያ እሰማዋለሁ ብላ ተቀመጠች።

ታዘበውን በዓይኗ ጠራችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትቀዳው?»

«ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ነው እታለም፤ ከጓዳ አውጥቼ እስካሁን ምሰሶው ላይ ሰቅዬው ነበር። ሰው እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰለት ይቀመጥልሽ ብዬ። እንዳይዘጋ ኃይል እየሞላሁ አላጠፋሁትም።»

ይርጋነሽ ሙሾ አወረደች፦

«የሁሉን ሰው ድምፅ ለቅሞ ሲያኖር፣
የራሱን ሳያስቀር ገባ ካፈር።»

ብሩክታይት ተነሣች። ወደ ይርጋነሽ ስትንደረደር ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዟት።

«አጥፉት» አለች። «ማይኩን አጥፉት፤ ልቀቁኝ።»

ደረቷን ልትደቃ፣ ፊቷን ልትነጭ መሰላቸው። አንዷ ወገቧን አቀፈች፣ ሌላዋ ሁለት እጇን ጠፍራ ያዘች። እሰይ፣ ይውጣላት፣ አምቃው ነበር እኮ ተባባሉ። በታገለች ቁጥር ፍቅራቸው እየጠነከረ አጥብቀው ያዟት። ታዘበውም የወንድሙን ሚስት እንዲያ ሆና ሲያይ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ይርጋነሽ ለቅሶው መድመቁን አይታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ቀይዋ መብራት አልጠፋችም።

ለቀስተኛው ለምሳ ሲነሣ ነው የለቀቋት። ማይኩን ከይርጋነሽ ነጠላ ላይ ነቅላ ጓዳ ገባችና ከቢቸና ይዛው ከመጣችው ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው።

ሙሾው አለ። ፍትሐቱ አለ። ወንበር የተሻሙ ጎረቤቶች ክርክር፣ የታዘበው ማንኮራፋት፣ ድንኳኑን የሚያርገበግበው ነፋስ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ገብቷል። እየዘለለች ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ሌላው ተደምስሶ ከዘመነ የቀረችው የቅጂው ጭራ ብቻ ነበረች። ጥያቄው የለም፣ ሳቁ የለም። ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ ይሰማል፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይዘጋል።

ደግማ ከፈተችው።

ወይዘሮ ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆመዋል። «ምን አግኝቶሽ ነው እንደዚያ የተነሣሽው ልጄ?»

 «የሱ ድምፅ ነበረበት እማዬ» አለች ብሩክታይት።

«አሁንስ?»

አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ጥቁር ሻሻቸውን ገለጥ አድርጋ አንዱን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አኖረች፤ አንዱን ለራሷ። ከፈተችው። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኮቱን እያወለቀ ነው» አሉ። «ሲደክመው እንዲህ ነው የሚተነፍሰው። እስቲ መልሺልኝ።»

መለሰችላቸው። እንባዋ ከላፕቶፑ ላይ ጠብ አለ፤ አልጠረገችውም።

ታዘበው አንገቱን በበሩ አሰገገ። ከቢቸና ሰዎች መምጣታቸውን ተናገረና ላፕቶፑን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም፣ ደህና ገብቷል?»

ብሩክታይት ቀና ብላ አየችው። የጋቢው ጫፍ በእንባ ርሷል።

«ደህና ገብቷል» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ከደጅ የቢቸናዎቹ ዋይታ ፈነዳ፤ የዘመነን ስም እየጠሩ ወደ ቤቱ ይቀርባሉ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ዓይናቸውን ሳይገልጡ መዳፋቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ «ዝም በሉ» እንደማለት።