ከማዶ የሚጣሩበት ቃል

ዕድሜዬን በሙሉ «ሃሎ» ስል ኖሬ፣ ትርጉሙን የጠየቀኝም የነገረኝም ሰው አልነበረም። የቴሌፎን ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ገመድ እየነቀልኩ ገመድ እየሰካሁ፣ የማላውቀውን ሰው ከማላውቀው ሰው ሳገናኝ ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከማቀዝቀዣው በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። እሱም ሲያሻው ነው።

አንድ ልጅ አለኝ፣ ሌላ ከተማ። ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ሰፊ ቤት፤ እሰየው ነው። እሁድ እሁድ ይደውላል። «ሃሎ እማዬ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» አበቃ። እውነቱን ልናገር፣ ደህና አይደለሁም። ብቻዬን መኖር አቅቶኛል፤ ልጄ ጋ ሄጄ መኖር እፈልጋለሁ። ይቺን አንዲት ነገር ስንት እሁድ ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሼ መልሼ ዋጥኳት! ምራቴ ፊቷን ብታጠቁርብኝስ?

ከላዬ ፎቅ አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አሉ። ሕንፃው በሙሉ «ዲክሽነሪ» ነው የሚላቸው። ደረጃ ላይ ካገኙህ አለቀልህ፤ የአንድ ቃል ዘር ማንዘር ሲቆጥሩልህ የጣድከው ውሃ ተንኖ ያልቃል። ሰው ሁሉ ኮቴያቸውን ሲሰማ በሩን ይዘጋል። እኔ ግን በሬን ገርበብ አድርጌ ነው የምጠብቃቸው። ሌላ ማን ይመጣልኛል!

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሻይ ቀዳሁላቸውና፣ «መምህር፣ እስቲ ዛሬ የእኔን ቃል ይንገሩኝ። ሃሎ ማለት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ኧረ እሱማ ጉደኛ ቃል ነው!» ብለው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። አንዳንዱ፣ አዳኞች ውሾቻቸውን የሚጣሩበት ጩኸት ነበር ይላል አሉ። ስልክ የመጣ ጊዜ ፈልሳፊው ራሱ የመርከበኞችን ጥሪ ነበር የመረጠው፤ ሰው ግን ሃሎን ወደደና እሱ ቀረ።

«ዕድሜ ልክሽን ውሻ ስትጠሪ ነው የኖርሽው በሉኛ!» አልኳቸው።

«ቆይ፣ አይቸኩሉ እንጂ» አሉ እየሳቁ። «ሥሩ ከዚያም ይርቃል የሚሉ አሉ። ድልድይ በሌለበት፣ መንገደኛ ወንዝ ዳር ቆሞ ማዶ ያለውን ባለጀልባ የሚጣራበት ነው ይላሉ። ና ውሰደኝ እንደ ማለት።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። መምህሩ ሌላ ቃል ጀምረው ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ስንቱ ሰው በጆሮዬ ና ውሰደኝ ሲል ኖሯል፤ እኔም ስንቱን አሻግሬያለሁ! ታዲያ ሰው ሁሉ ያለ ሐፍረት የሚለውን፣ እኔ ለገዛ ልጄ ማለት የሚያሳፍረኝ ምን ሆኜ ነው? ዛሬ እነግረዋለሁ አልኩ። ቆረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ሃሎ እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም ልጄ» አልኩት። «ቤቱ ሊበላኝ ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። ና ውሰደኝ፣ አንተ ጋ ልኑር። አንዲት ጥግ ትበቃኛለች።»

«ሃሎ? ሃሎ? እማዬ፣ አይሰማም። ድምፅሽ ይቆራረጣል» አለኝ።

መስመር ሲቆራረጥ ምን እንደሚመስል ለእኔ ይነገራል እንዴ? መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ምራቴ ብርጭቆ ስታማስል ማንኪያዋ ይሰማኛል። ትንሹ ልጅ «አያቴ ናት?» ሲል ሰማሁት። ልጄ በአፍንጫው ሲተነፍስም ሰማሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ እንዲያ ነው የሚተነፍሰው።

«ምን አልሽኝ እማዬ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ደግሜ ልነግረው እችል ነበር። ግን ልጄ ነው፤ ጭንቅ ሲለው አንጀቴ አይችልም።

«ዛሬ መስመሩ አስቸግሯል» አልኩት። «ልጆቹን ሳምልኝ ነው ያልኩህ።»

«እሺ እማዬ» አለ ወዲያው። ይሄኛውን ሰማኝ።