ተቀባይ ያጣ አዝማች

ባየ ዕድሜውን ሙሉ ንግግር አድርጎ አያውቅም። ዘፈን በማውረድ ግን በቢቸና ዙሪያ የሚስተካከለው የለም። በየሠርጉ እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ ሕዝቡ አዝማቹን እያጨበጨበ ይቀበለዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ታዲያ ጉሮሮ ያለው ሁሉ አንደበት አለው ማለት አይደለም። ዘፈን ካልሆነ ባየ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይሆንለትም፤ ይህን አገሩ በሙሉ ያውቃል።

አሁን ግን ተናገር ተባለ። የሟች እህቱ ልጅ ስጦታው፣ እሱው ያሳደገው፣ ሞጣ ላይ አገሬ የምትባል አስተማሪ ወዷል። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አቶ ፋንታ "ቢቸና ሩቅ ነው" ብለው መለሱ፤ ቢደግምም መለሱ። "ሦስተኛ ኑ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደጄን አትርገጡ" ሲሉም ቁርጡን ተናገሩ። እስካሁን የተናገሩት አፈ ጮሌ ሽማግሌ ደግሞ ታመው ተኙ።

"ጋሼ፣ ያሳደግከኝ አንተ፣ የምትለምንልኝም አንተ" አለ ስጦታው።

ባየ እምቢ ማለት አልሆነለትም። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። እንደሚያዋርደው ግን አልተጠራጠረም።

ጭንቅ ሲለው መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ሄደ።

"የኔታ፣ ንግግር ሲባል ምን ምን አለው?"

"አዝማች አለው" አሉ መሪጌታ።

"አዝማችማ የዘፈን ነው።"

"ማን ለብቻህ ሰጠህ? ዞረህ ዞረህ የምትመለስበት አንድ ቃል ያዝ፤ ያለዚያ ነገርህ እረኛ እንዳጣ ከብት ይበተናል። ልዩነቱን ግን ልብ በል። በዘፈን አዝማቹን ሕዝብ ይቀበልሃል። በንግግር አንተው ብለኸው አንተው ትመለስበታለህ፤ ሰሚው በልቡ ይቀበላል እንጂ ድምፅ አያሰማም።"

ባየ ደስ አለው። አዝማች ካለውማ ንግግርም ዘመድ ነው! "ደጅ ጠንተናል" የሚለውን ቃል መረጠና በየመሐሉ ሊመላለስበት አራት ስንኝ የሚያህል ነገር አዘጋጀ። ወደ ሞጣ ሲጓዙ ሚኒባሱ ውስጥ ከንፈሩን እያነቃነቀ ሲያጠና፣ አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ጸሎት መስሏቸው ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ "አሜን" ሲሉለት ነበር።

አብረውት የሄዱት ገብረ ክርስቶስና ይታያል በየሠርጉ ተቀባዮቹ ናቸው። ስለዚህ ከበሩ ሳይደርሱ አስጠነቀቃቸው። "ዛሬ ዘፈን አይደለም። አንዳችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ አልለቃችሁም!"

አቶ ፋንታ ዘመዶቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ጠበቋቸው። አገሬ እንደ ወጉ ጓዳ ገብታለች። ምን እንደምታስብ እስካሁን የጠየቃት የለም።

ባየ በገብረ ክርስቶስና በይታያል መካከል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አቶ ፋንታ፣ ከቢቸና ስንመጣ በሀብት ተመክተን አይደለም። የሰው ልጅ ይዘን ነው። ደጅ ጠንተናል።"

ድምፁ አማረ፤ ራሱም ገረመው። ግን እዚህ ላይ አቋረጠ። መሪጌታ የመከሩት ጠፍቶት አይደለም፤ አፉ ነው እምቢ ያለው። ተቀባይ አዝማቹን ሳይመልስ ቀጣዩን ግጥም ማውረድ ለባየ ከሰው አፍ ጉርሻ እንደ መንጠቅ ነው፤ በአርባ ዓመት አንድ ቀን አላደረገውም። ቆሞ ጠበቀ። ገብረ ክርስቶስ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። ይታያልም የባየን ማስጠንቀቂያ አክብሮ ጭጭ አለ።

"ጨረሱ?" አሉ አቶ ፋንታ።

ባየ ራሱን ነቀነቀ። አልጨረሰም፤ መቀጠልም አልቻለም። "ደጅ ጠንተናል" አለ እንደገና፣ አሁን ልመናው ከልቡ ነበር፤ ብሎም እንደገና ጠበቀ። ከዘመዶቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ወሬ የሚጠብቀው ስጦታው ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት፤ ልጄን ገደልኩት አለ በሆዱ።

አቶ ፋንታ ሊያሰናብቷቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ደጅ ጠንተናል" አለ አንድ ድምፅ።

ቀጭን ድምፅ ነው፤ የመጣውም ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነው። አቶ ፋንታ እንደ ቆሙ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

"አገሬ?"

"አቤት፣ አባዬ።"

"አንቺ የቤት ልጅ፣ የማንን ደጅ ነው የምትጠኚው?"

"የእርስዎን" አለች። "ከመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ጀምሮ።"

አቶ ፋንታ ተቆጡ ሲባል ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እኔ እኮ የመለስኩት የቢቸናን ሰው መስሎኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "ሰጥቻለሁ" አሉ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ገብረ ክርስቶስ ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ባየ ግን አዝማቹን የሚመልስለት ካገኘ በኋላ ማን ያቆመዋል? በጋቢው ጫፍ እንባውን እየጠረገ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረ፤ ከተሰጠች በኋላ ቆሞ ልጅቷን ለመነ።