ከጭቃው ጀርባ

ቀዩ ቀለም ገና ወደ ታች እየወረደ ነበር። ረምዚያ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ የቤቷ ግድግዳ ላይ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት ተሠርቶበት አገኘችው። ብሩሽ የያዘው ወጣት ጣሳውን ይከድናል፤ ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ትናንት አምቦ መንገድ ላይ ጎማ ሲቃጠል ስለዋለ፣ ቡራዩ ውስጥ ፖሊስ ሳያስከትል የሚዞር የመንግሥት ሰው አልነበረም።

"ምንድነው ይሄ?"

"የጥናት ምልክት ነው፣ እህቴ። ኤርምያስ እባላለሁ። ለመልሶ ማልማት ያረጁ ሰፈሮችን እየለየን ነው።"

"የኔ ቤት ነው ያረጀው?"

"ጭቃ ነው፤ ልስን የለውም። ቆርቆሮውም ዝጓል።"

ረምዚያ ክው ብላ ቀረች። ያን ጭቃ ሆን ብላ ያቆየችው እሷው ናት! እዚህ አገር ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል፤ አሮጌውን ቤት ሳይነካ ከውስጡ የብሎኬት ግድግዳ ያቆማል። ደንብ አስከባሪ ቢያልፍ ዓይኑ የሚያርፈው ያው የተንጋደደ ጭቃ ላይ ነው። እሷና ባሏ አክመል ብሎኬቱን በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈኑ በጎረቤት ጓሮ አስገብተው፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሰው፣ በብልጠታቸው ሲስቁ ኖረዋል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። አክመል ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ጊንጪ ቀርቷል፤ ስልኩም አይሠራም።

ጓሯቸውን ያዋሷት ጎረቤቷ አዴ ገለቴ ነጠላቸውን እያጣፉ ደረሱ። እጇን ጨብጠው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ሂን ዱበቲን! ዝም በይ ልጄ። ብሎኬቱን ካወቁብሽ ዛሬውኑ ነው የሚያፈርሱብሽ።"

ረምዚያ ግን ወደ ወጣቱ ዞረች። "ውስጡን ሳታይ ነው እንዴ ምልክት የምታደርገው?"

"የምናየው ከመንገድ ነው፤ መመሪያው እንደዚያ ይላል። ከግማሽ በላይ ያረጀ ቤት ያለበት መደዳ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። የእናንተው እስካሁን እኩል ለእኩል ነበር፤ የእርስዎ ቤት ነው ያጋደለው።"

"ሙሉ በሙሉ? የሳቸውም?"

"የሁሉም።"

አዴ ገለቴ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። "ያ ረቢ! እርሻችን ሄደ፤ የቀረችኝ ይቺው ጎጆ ናት።" ግን ቀና ብለው ረምዚያን አዩና፣ "አንቺ ዝም በይ" አሏት ደግመው።

ረምዚያ እንባዋ መጣ። አዴ ገለቴ የገዛ ጎጇቸው ልትፈርስባቸው እያለች አሁንም የሷን ምስጢር ይጠብቃሉ! ጭቃ ተብሎ የተቆጠረው ደግሞ የሷው ብሎኬት ነው። ድንጋጤው ወደ ንዴት ዞረባት፤ በወጣቱም፣ በመመሪያውም፣ ከሁሉም በላይ በራሷ ተናደደች።

ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች። አዴ ገለቴ ቀሚሷን ቢይዟትም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ግባ" አለችው ኤርምያስን። "ፖሊሶቹም ይግቡ። ግድግዳውን በቡጢህ ምታው፤ ያረጀ ከመሰለህ ያኔ ጻፍ።"