የቀረው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር

ከሮቤ ጎባ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ሄደው፣ ተመልሰው፣ እንደገና ሲሄዱት አርባ ሁለት ይሆናል። ለማራቶን የሚጎድለውን መቶ ዘጠና አምስት ሜትር ጎባ ገበያውን ዞሬ እሞላዋለሁ አልኩ። ስሌቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ለሰው ማስረዳቱ ነው።

«ቆይ ማንያ፣» አለኝ ፈሪድ፣ ባጃጁን በጨርቅ እየወለወለ። «አንቺ ትሮጫለሽ።»

«አዎ።»

«ጋሼ ለሜሳ ይታከማሉ።»

«አዎ።»

«መሀል ላይ ያለው ነገር ነው ያልገባኝ።»

ፈሪድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ነው። ሙሉ ስሜ ማንያህልሻል መሆኑን ሳይረሳው አልቀረም። እንደገና አስረዳሁት። ዘጠኝ ዓመት ሆላንድ ስማር የምሮጥበት ክለብ ነበር። የክለቡ ሰዎች እዚህ ማራቶን ከሮጥኩ፣ ያውም በስድስት ሰዓት ውስጥ ከጨረስኩ፣ ለጋሼ ለሜሳ ቀዶ ሕክምና የሚጎድለውን ገንዘብ ሊያዋጡ ቃል ገብተዋል። ካቋረጥኩ ወይም ስድስት ሰዓት ካለፈብኝ ቃሉ ይቀራል።

«ሰዎቹ ገንዘቡ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ጋሼ ለሜሳ እንደወደቁ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው አይሰጡም?»

መልስ ነበረኝ። እዚያ እያለሁ ማንም የማይጠይቀው ግልጽ ነገር ነበር። ሮቤ ላይ ባጃጅ አጠገብ ቆሜ ልናገረው ስል ግን የሞኝ ወሬ መሰለኝ። «እንደዚያ ነው የሚደረገው» ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ለሜሳ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህራችን ነበሩ። ሩጫ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሯጭ አይደለሽም፤ ግን አታቆሚም፣ እሱም አንድ ነገር ነው» ይሉኝ ነበር። ኅዳር ላይ ተማሪዎች አሠልጥነው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሞተር ብስክሌት ገጭቶ ጣላቸው። ወጌሻ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሻቸው። በኋላ ራጅ ሲነሡ ለካ የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ኖሯል። አዲስ አበባ ሄደው፣ ያውም ጥር ሳያልቅ፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ካልገባላቸው ዳግመኛ በእግራቸው አይቆሙም አለ ሐኪሙ። ልጆቻቸው ያላቸውን ሸጡ፣ እድሩም የአቅሙን ሰጠ፤ ገና ግማሹ አልሞላም።

እኔ ከተመለስኩ ዘጠኝ ወሬ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ሥራ ይዤ ሁለቱንም ትቻለሁ። የምሮጠው ለጋሼ ለሜሳ ይሁን፣ ወይስ ለአንድ ጊዜ እንኳ አንድ ነገር ጨረስኩ ለማለት፣ ለራሴም አልለየልኝም ነበር።

ፈሪድ ያልገባውን ነገር ለከተማው ሁሉ ማስረዳት ጀመረ። «ፈረንጆቹ በኪሎ ሜትር ነው የሚከፍሏት» አለ። ይህ ደግሞ ለሰው ቶሎ ገባ። ኮምባይነር ስንዴ አጭዶ በኩንታል በሚከፈልበት አገር ሯጭ በኪሎ ሜትር ቢከፈላት ምን ይገርማል? ወዲያው ሰው እናቴን ያጽናና ጀመር። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እትዬ እኅተማርያም ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ልጅቷን እንደ ጋሪ ፈረስ ሊያስሮጧት ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሳቅኩ። መውጣትና ማስተካከል ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

በታኅሣሥ መጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሮቤ ተነሣሁ። ውርጩ ከገለባው ላይ ገና አልተነሣም። ፈሪድ ውኃና ሙዝ ጭኖ ከኋላዬ በባጃጅ ይከተለኛል። መንገዱ ወደ ጎባ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ በመኪና ሲሄዱበት ዳገት መሆኑ አይታወቅም። አንድ አይሱዙ አጠገቤ ዘግየት አለና ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «እኅት፣ ማን እያባረረሽ ነው?» አለኝ። ልምምድ ላይ የነበሩ እውነተኛ ሯጮች እንደ ነፋስ አልፈውኝ ሄዱ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ዞር ብላ፣ «አይዞሽ እናቴ!» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ጎባ ደርሼ ተመለስኩ። ሃያ ስምንቱን ኪሎ ሜትር ጨርሼ፣ ሮቤ ላይ ዞሬ እንደገና ፊቴን ወደ ጎባ ሳዞር ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። የቀረኝ አሥራ አራት ኪሎ ሜትርና ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እግሬ ቢከብድም ጊዜው ይበቃኛል። ከተማው የሚያልቅበት፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘግቶ አገኘሁት።

ስድስት ሽማግሌዎች አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይዘው ቆመዋል። ግማሾቹ ጋቢ የለበሱ ከቅዳሴ የወጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ቆብ ያደረጉ የመስጊድ ሰዎች። መሀል ላይ የቆሙት ኦቦ ዳቢሴ ናቸው፤ በከተማው የባልና ሚስትም የድንበርም ጠብ እሳቸው ሳይዳኙት አያልቅም። ሁሉም በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከኋላቸው እትዬ እኅተማርያም ጥቁር ፌስታል አቅፈው ቆመዋል።

ሣር ይዞ የቆመ ሽማግሌ አይታለፍም። እዚህ አገር ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ሣር መሀላቸው ሲገባ ይቆማሉ። እኔም ቆምኩ፤ እግሬ እንዳይቀዘቅዝ ግን በቆምኩበት እረግጣለሁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ ኦቦ ዳቢሴ። «እግርሽን አሳርፊ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ፣ ሰዓት አለብኝ።»

«ሰዓት የሌለበት የለም። አሳርፊ።»

አሳረፍኩ።

«ስንሰማ አፈርን፣» አሉ። «ለሜሳ የእኛ ሰው ነው፤ የወደቀውም መሀላችን ነው። ለእሱ አጥንት የእኛው ልጅ አስፋልት ላይ ስትንገላታ ቁጭ ብለን አናይም። ሃያ ስምንቱን ሳንደርስልሽ ሮጥሽው፤ እሱ አለፈ። የቀረውን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገዝተነዋል።»

«ምን?»

እትዬ እኅተማርያም ፌስታሉን ከፍ አደረጉት። «ሒሳቡን ፈሪድ ነገረን። ከሱቅ ሱቅ ዞረን፣ ከጊኒር የመጡ የከብት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ጨምረውበት ነው። ለፈረንጆቹ ደውይና፣ የአሥራ አራቱን አገሬ ከፍሏል በያቸው። አንቺ ግቢና እግርሽን ዘፍዝፊ።»

ፈሪድን ዞሬ አየሁት። እሱ የባጃጁን መሪ ያያል።

«በኪሎ ሜትር አይደለም እኮ፣» አልኩ። ትንፋሼ ይቆራረጣል። «ሙሉውን ካልጨረስኩ ምንም የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ጎባ መግባት አለብኝ። አለዚያ የሃያ ስምንቱም የለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጠሽ ምንም?»

«ምንም።»

ቆብ ያደረጉት አንዱ ለሞተ ሰው እንደሚሉት «ኢናሊላሂ» አሉ። ሌላው፣ «ኮምባይነር እንኳ ማሳ መሀል ቢሰበር ላጨደው ይከፈለዋል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በፌስታሉ ያለው ለሕክምናው አይበቃም?» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

«ሩቡንም አይሆን።»

ፈሪድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። መንገዱን የሚመዘግበው የእጅ ሰዓቷ ነው። ሰዓቱን ትስጠኝ፣ ቀስ ብዬ በባጃጅ ጎባ ላድርሰው። እሷ እዚህ ትጫወት።»

«አንተ ባለጌ! ዝም በል!» አሉ እትዬ እኅተማርያም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይቻላል እንዴ?» አሉኝ።

«አይቻልም» አልኩ። እንደሚቻል አውቃለሁ። እጄ ሰዓቱን ሊፈታ መሄዱንም አልክድም።

ኦቦ ዳቢሴ ሣሩን እያዩ ተናገሩ። «የያዝነውን ሣር ተቀባይ ሳናገኝለት ይዘን አንመለስም። አልፈሽን ብትሄጂ ሰድበሽናል፤ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ሽማግሌ የሚሆንልሽ አይኖርም። ብትቆሚ ለሜሳ አይነሣም። እንመካከር።»

ባሕር ዛፉ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ምክክሩ በምርቃት ተጀመረ። አንዱ ሲመርቅ አምስቱ «አሜን» ይላሉ፤ ከዚያ ተረኛው ይመርቃል። ስድስቱም መረቁ። ከምርቃቱ በኋላ አንዱ በሰማንያዎቹ ስለተፈታ የግጦሽ ጠብ ማውራት ጀመሩ። ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ከአምስት። የቀኝ ጭኔ ጡንቻ እንደ ገመድ እየከረረ ነው።

ብሄድስ? ዞሮ ዞሮ እኔ ማን ነኝ ለዚህ ከተማ? ሂጂ ያለኝ ሳይኖር ሄድኩ፤ ነይ ያለኝ ሳይኖር መጣሁ። ግን እነዚህ ሰዎች ለእኔ ሲሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረዋል። ለእኔ ነው ወይስ ለጋሼ ለሜሳ? ክለቡስ ለማን ነው የሚሰጠው? ሁሉም አንዱን ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ታዲያ መንገድ ላይ የቆምነው ምን ሆነን ነው? አራት ሰዓት ከአሥር።

ወደ ዛፉ ሄድኩ። «ኦቦ፣ ሣሩን ይስጡኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «ተመስገን፣ ቆመች!» አለ አንድ ድምፅ። እትዬ እኅተማርያም እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ተንበረከክሁ። ጭኔ ጮኸብኝ። ያንኑ ሣር ወደ ኦቦ ዳቢሴ መልሼ ዘረጋሁት።

«ልመናችሁን ተቀብያለሁ፣ ቆሜያለሁ። አሁን ደግሞ እኔ እለምናችኋለሁ። ልቀቁኝ።»

እንዲህ ማድረግ ይፈቀድ፣ አይፈቀድ አላውቅም ነበር። ከፊታቸውም ምንም አላነበብኩም።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

«ማንም።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «አይታችኋል?» አላዩም። ስለዚህ እንደገና መመካከር ጀመሩ፤ ሴት ልጅ ሣር ይዛ ሽማግሌ ልትለምን ትችል እንደሆነ፣ የተቀበሉትን ሣር መመለስ ንቀት እንደሆነ። እኔ እንደተንበረከክሁ ነው። በመጨረሻ እትዬ እኅተማርያም፣ «ኧረ ልጅቷ ጉልበቷ አለቀ፣ ፍረዱ!» ብለው ጮኹ።

ኦቦ ዳቢሴ ሣሩን ከእጄ ወሰዱ። «ሂጂ። ከእንግዲህ ሩጫ ሲያምርሽ ግን መጀመሪያ እኛን ጠይቂ።»

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት። ሃምሳ ደቂቃ ሄዷል።

የመጨረሻውን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በደንብ አላስታውሰውም። ኦቦ ዳቢሴና እትዬ እኅተማርያም የፈሪድ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ከኋላዬ መጡ። ኦቦ «ቀስ በይ ልጄ!» ይላሉ፤ እትዬ «ፍጠኚ!» ይላሉ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ በእግሬ ሄድኩ። ጎባ ገበያውን ዞሬ ስቆም ሰዓቴ ስድስት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ይላል።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ጋሼ ለሜሳ በአሥራ አንድ ደቂቃ ምክንያት ተኝተው ሲቀሩ ታየኝ። የሰዓቱን ፎቶ አንሥቼ ለክለቡ ላክሁ፤ እውነተኛ ስለሆንኩ አይደለም፣ ለመዋሸት ጉልበት ስላጣሁ እንጂ። ከታች «አልቻልኩም፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ መጣ። «ሰዓቱን ማን ያየዋል? ስድስት ሰዓት ያልነው ነገሩ እንዲያጓጓ ነው። ገንዘቡን ሐሙስ ዕለት ልከነዋል። ኮራንብሽ!»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጮክ ብዬ በአማርኛ ነገርኳቸው። እትዬ እኅተማርያም እልልታቸውን ለቀቁት። ኦቦ ዳቢሴ ግን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«አዎ ኦቦ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ስንሠራ ዋልን?»

መልስ እየፈለግሁ አየኋቸው። እውነቴን ነው፣ ፈለግሁ። ባጣሁ ጊዜ እትዬ እኅተማርያም ፊቴ ያስቀመጡትን ፌስታል ወደ ኦቦ ዳቢሴ ገፋሁት። «እንድቆም የሰጣችሁኝ ነው። አልቆምኩም፤ ውሰዱት።»

«እንዴት አልቆምሽም?» አሉ እትዬ እኅተማርያም ተቆጥተው። «ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ተገትረሽ የለም እንዴ? በሰዓት ነው ያየሁት!» የፌስታሉ ገንዘብ ጋሼ ለሜሳን አዲስ አበባ ለሚያስታምሙ ልጆቻቸው ማደሪያ እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህ ውሳኔ ምርቃቱ አጭር ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ለሜሳን ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ነቅለን ፍራሽ ላይ አስተኛናቸው። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ስንት ገባሽ?»

«ስድስት ከአሥራ አንድ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የሽማግሌዎቹ ቢቀነስ?»

«አምስት ከሃያ አንድ።»

አሰቡበት። «አይቀነስም፣» አሉ። «ሰዓት ሰዓት ነው። ደግሞ ስትሮጪ ክንድሽን ትወረውሪያለሽ አለኝ ፈሪድ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ማንም አላረመሽም? ስመለስ እናየዋለን።»

ገንዘቡ ሐሙስ መላኩን፣ ባልሮጥም ይታከሙ እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ በሩን ሳበው። መኪናው ወደ ዶዶላ መንገድ ሲታጠፍ፣ እኔ ሁለቱን ክንዶቼን ተራ በተራ እያወዛወዝኩ፣ የትኛው እንደሚወረወር ለማየት እዚያው ቆሜ ቀረሁ።