ያልተሰጣት ሲንቄ

ያን ጠዋት የባሌ ጉም ሲናናን እንዳለ ውጦት ነበር። ስንዴው የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ የለም፤ ከነጩ ውስጥ የሚሰማው የኮምባይነሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጁሀራ የሳሎኑን ሲሚንቶ እየወለወለች በሩ ላይ ቆም አለች። ገና ከእንቅልፏ ያልነቃች መሰላት። ደግሞስ እንዲህ ባለ ጠዋት ሰው ባይነቃ ምን ይፈረድበታል?

ከዚያ የባሏን የጃርሶን ጩኸት ሰማች፤ ቀጥሎ የታላቅ ወንድሙን የሻፊን። ከማሳው ወሰን ላይ ናቸው።

የጠባቸውን ነገር አገር ያውቀዋል። ከአባታቸው በቀረው ማሳ ላይ ሻፊ «አንጋፋ ነኝ፣ ምርጡ ለኔ ነው» ይላል። ጃርሶ በስሙ የወጣውን የመሬት ደብተር ይዞ ፍርድ ቤት ረቷል። የመንደሩ ሼኽ ደግሞ እኩል ተካፈሉ ብለዋቸው ነበር፤ እሳቸውን የሰማቸው የለም እንጂ። ዛሬ ኮምባይነሩ መጥቷል፤ ስንዴው ሊታጨድ ነው።

«ኧረ ገላግሉ! ገጀራ ይዘዋል!» ሲል የኮምባይነሩ ሹፌር ዘሪሁን ከጉሙ ውስጥ ተጣራ።

በዚህ አገር ያገባች ሴት ሲንቄ አላት። እናቷ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። በተጣሉ ወንዶች መሃል ይዛት ከቆመች፣ ንጉሥም ቢሆን አያልፋትም። ጁሀራ ግን የላትም። ከጊኒር ስትዳር እናቷ ሞታ ነበር፤ ያሳደጋት አጎቷም ነገሩን የረሳው ይመስላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ሴቶች ዘንጋቸውን ይዘው ለእርቅ ሲወጡ እሷ ባዶ እጇን ከኋላ ትከተላለች። ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። ሀፍረቱ ግን ውስጧን በልቷታል፤ በሰው ድግስ መቀመጫ እንዳጣ ሰው።

ታዲያ ምን ታድርግ? የመወልወያውን ጨርቅ በእግሯ ረግጣ እንጨቱን መንጭቃ አወጣችና ወደ ጉሙ ገባች።

እየሮጠች ይሁን እየተንሳፈፈች አታውቅም። እርጥቡ ስንዴ ቀሚሷን እየሳበ ይለቃታል። ሁለት ጥላዎች ታዩዋት። መሃላቸው ገብታ እንጨቱን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችና «ኢያ ሲንቄ!» ስትል የሲንቄን ጥሪ ጮኸች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም፤ የእናቷ መሰላት።

ጃርሶ ቆመ። ሻፊም ገጀራውን እንዳነሳ ቆመ። ዘሪሁን ሞተሩን አጠፋ። እንዲያ ያለ ዝምታ ጁሀራ በሕልሟም አጋጥሟት አያውቅም። ለአንዲት አፍታ ደስ አላት፤ ወንዶች ቆመውላታል።

ግን የባሌ ጉም አይታመንም፤ ፀሐይ ገፋ አደረገችውና ሳሳ። እንጨቱ የተለበጠበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ወለል ብሎ ታየ።

«የመወልወያ እንጨት አይደለም እንዴ?» አለ ሻፊ።

«ነው፣ ኦቦ ሻፊ» አለች ጁሀራ። «እናት የለኝም፣ ማን ይስጠኝ? ባሌንም እርስዎንም መቅበር አልችልም። ማለፍ ከፈለጉ ግን ይለፉ፤ የሚከለክልዎ የለም።»

ሻፊ እግሩን አነሳ። ጁሀራ ዓይኗን ጨፈነች፤ «ያ አላህ» አለች። ስትገልጥ እግሩ መልሶ እዚያው አርፏል።

«አጎትሽ ሲንቄውን ሊያሠራልሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለሽምግልና ጊኒር የሄድኩት እኔ ነኝ። ‹የድሮ ነገር ነው፣ ይቅር፣ ሠርጉን አታጓቱብን› ያልኩትም እኔ ነኝ። ያስከለከልኩሽ እኔ ነኝ።»

ጃርሶ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ገጀራው ከእጁ ወደቀ። ጁሀራ ግን ተናደደች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ ከእሷ ዕድል መስሏት ነበር። እንባዋ ወረደ፤ እንጨቱን ግን አላወረደችም።

ሻፊ አንጋፋ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሚስት ሲታጭም፣ በሬ ሲሸጥም ፈቃድ የሚጠየቀው እሱ ነው። አሁን አንገቱን ደፋ።

«ማሎ፣ እባክሽ ጁሀራ» አላት፣ «ወንድሜ ጋ ልለፍ?»

«መጀመሪያ ገጀራውን ያስቀምጡ» አለችው።