ሹራቡን ምን ነካው

እህትየዋ ለሆቴል ሥራ ልትፈተን አራት ቀን ሲቀራት ቤቱ በእንግሊዝኛ ተጥለቀለቀ። ወንድሟ፣ ያ ላውንደሪ ቤት ልብስ የሚተኩሰው፣ ሰፈሩ «ካውያ» የሚለው ጉደኛ፣ ከሥራ ሲገባ መቀመጫ አጣ። አልጋው ላይ ቃል፣ ወንበሩ ላይ ቃል። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የታጠፈ ሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ካርቶን በጉያው ወሽቆ ያመጣላት እሱው ነው። እሷ ደግሞ ቆራረጠችውና በአንዱ ቁራጭ እንግሊዝኛውን፣ በሌላው ፍቺውን ጽፋ ሁለት ሁለቱን በስፒል አያያዘቻቸው።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«መቀነስ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። የሆቴሉ ኃላፊ ስንመዘገብ ነግራናለች፤ እንግዳ ሲያማርር ሁሌ ስለቀነሰ ነገር ነው አለች።»

«እውነቷን ነው። ጨመራችሁልኝ ብሎ የሚከስ የት አለ!»

«አርፈህ ስማኝ። ዲክሪዝ፣ ቁጥሩ ሲያንስ። ሪዲውስ፣ ሰው ራሱ ሲቀንሰው፣ ዋጋ በለው። ድዊንድል፣ ትንሽ በትንሽ እያለ ሊያልቅ ሲል።»

«እንደ ፀጉሬ።»

«እንደ አእምሮህ!»

ካውያ ትምህርት ቤትን የሚያውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ በበር ከገባበት ቀን ዘሎ የወጣበት ይበዛል። እሷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው እሱ ይማር ብላ ነበር። እናታቸው ስትሞት «አንዳችን እንማር» አለችና ደብተሯን ለሱ ሰጠችው። እሱም ደብተሩን ቀዳዶ ካይት ሠራበት።

ይሁንና ከዚያ ሁሉ ቃል ሁለቱን ከአስተማሪ በላይ ያውቃቸዋል። ሽሪንክ፣ የሱፍ ሹራብ ፈላ ውሃ ገብቶ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ሲያክል። ፌድ፣ መጋረጃ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ሲደበዝዝ። አለቃው በቀን አሥሬ የሚጮህባቸው በነዚህ ነው።

እሷ ዳቦ ልትገዛ ወጣ ስትል ሰይጣኑ ተነሳ። የሁለቱን ስፒል ነቀለ፣ ፍቺያቸውን አቀያየረ፣ መልሶ ወጋቸው። ከዚያ አልጋው ላይ ተንጋሎ ብቻውን በሳቅ ፍርስ አለ። ቅዳሜ ሊጠይቃት፣ ስትሳሳት ሊስቅባት፣ ከዚያ ሊነግራት። ፈተናው ሰኞ አይደል? ጊዜ ሞልቷል።

አርብ ጠዋት እሱ ሥራ ከገባ በኋላ ተደወለላት። ፈተናው ዛሬ ሆኗል፣ ነይ አሏት።

ከሰዓት በኋላ ላውንደሪ ቤቱ በር ላይ ቆማ አያት። የበዓል ጫማዋን አድርጋለች።

«እንዳትናደድብኝ» አለችው። «አበላሸሁት።»

«ምኑን?»

«ኃላፊዋ ከሌላ ክፍል እንደ እንግዳ ሆና ደወለችልኝ። ‹ሹራቤ ሽሪንክ አደረገ› አለች። እኔ ደስ አለኝ! የማውቀው ቃል! ፈታኞቹ ሹራቡን ምን ነካው ሲሉኝ ‹ቀለሙ ደበዘዘ› አልኩ። እርግጠኛ ነኝ እኮ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ አምጥተው አሳዩኝ። እንደ ደም የቀላ ሹራብ፣ ለጨቅላ እንኳ የማይበቃ። ሌሎቹ ተፈታኞች ሳቁ።» ጫማዋን ቁልቁል እያየች፣ «አንተ በየቀኑ የምታወራውን ቃል! ጭንቅላቴን ምን ነካው?»

እሷ ጥጉን ከታጠፈች በኋላ ካውያ ሽርጡን ወርውሮ ወደ ሆቴሉ በረረ። በኋላ በር፣ በዕቃ መግቢያው ገብቶ ኃላፊዋን አንሶላ ስትቆጥር አገኛት።

«እሜቴ፣ እሷ ታውቀዋለች። እኔ ነኝ ያቀያየርኩባት። ለቀልድ ነበር። እባክዎ ደግመው ይጠይቋት።»

ሴትዮዋ አየችው፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ቦታው ተይዟል፣ ልጄ። የተቀጠረችው ልጅ ፈርማ ሄደች» አለች። «እህትህን ማን አስጠናሽ ብያት ነበር። ‹ወንድሜ ላውንደሪ ነው የሚሠራው፣ የልብሱን እሱ ያውቀዋል› አለችኝ። ኮርታ ነው የነገረችኝ።»

ወደ ቤት ሲመለስ እግሩ እየተጎተተ ነው። መንገድ ላይ ስንት ውሸት አሰበ! ሌላ ጊዜ ውሸት በሱ አያልቅም ነበር፤ ዛሬ አንዱም አፉ ላይ አልቆም አለው። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች። በሩ ላይ እንደቆመ ዘረገፈው፤ ስፒሉንም፣ ቅዳሜንም፣ ኃላፊዋንም።

ቢላዋው ቆመ። እሱ ስድብ ጠበቀ። ጫማ ይወረወራል ብሎ ጎንበስ ሊል ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ስታቀያይር ሳቅህ?» አለችው።

«ሳቅኩ።»

«በጣም?»

«ሆዴን እስኪያመኝ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምነው ያኔውኑ ብትጠራኝ» አለች። «አብረን ስቀን እንገላገል ነበር።»