ሣጥን ውስጥ የተጨበጠ እጅ

ተመራማሪው በአንድ የመስታወት ሣጥን ላይ በተተከሉ ረጃጅም የጎማ ጓንቶች ውስጥ ሁለት እጆቹን እስከ ክርኑ ከትቶ ተቀምጧል። ሣጥኑ አየርም እርጥበትም እንዳይገባው ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ነው። ውስጡ ካለችው ትንሽ ማሞቂያ ላይ ፔሮቭስካይት የተቀባች ጥፍር የምታህል ብርጭቆ ተቀምጣለች። ፔሮቭስካይት ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክሪስታል ነው፤ ጠባዩ ግን የሞልቃቃ ልጅ ጠባይ ነው። እርጥበት ሲነካው ያኮርፋል፣ ሙቀት ሲበዛበት ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ልክ ሲጠቁር በወረንጦ ላፍ አድርጎ፣ ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር የሚባለውን ከካርቦን የተሠራ ስስ ልባስ ሊደርብበት ነው። የቀረችው ይቺው አንዷ ናት፤ ቅቡ ተሟጧል።

እጮኛው ጠዋት አስጠንቅቃዋለች።

"አባዬ ሰው የሚመዝነው በእጅ አጨባበጡ ነው። ሁለት አባሮብኛል። አንዱን 'እጁ የራሰ ዳቦ ነው' ብሎ፣ ሌላውን 'ገና ሳይጨብጥ ይለቃል' ብሎ። ማታ ስታገኘው ብድግ ብለህ፣ ጠበቅ አድርገህ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ። ሰማህ?"

ሰምቷል። ሲለማመድ የበር እጀታ ሁሉ ሲጨብጥ ነው ያረፈደው።

አባትየው ግን ሾፌሮች "ጋሼ ቁም" የሚሏቸው ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ድንገተኛ ፍተሻ ደማቸው ውስጥ ነው፤ ማታን ማን ይጠብቃል? ገና በጠራራ ፀሐይ የላቦራቶሪውን በር በርግደው ገቡ።

"ልጄን ላግባ የምትለው አንተ ነህ?" ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ተመራማሪው ብድግ ሊል ሲል ጓንቶቹ መልሰው አስቀመጡት። ብርጭቆዋ ቡናማ መሆን ጀምራለች።

"ጋሼ፣ እጄን ማውጣት አልችልም።"

"ተይዘህ ነው?"

"የያዝኩትስ እኔ ነኝ። ይቺ ነገር አሁን ልትጠቁር ነው፤ ካመለጠችኝ አለቀልኝ። እርጥበት አትወድም፣ ትንፋሽ አትወድም..."

"ትንፋሼ ደግሞ ምን ሆነ?"

"የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው..."

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ላይ ተመራማሪውን አፍንጫው በላው። በትከሻው ሊደርስበት ሞከረ፤ አልሆነም። ከንፈሩን አሾለ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ቅንድቡን ሰቀለ።

"ጭራሽ ታሾፍብኛለህ?"

"ኧረ በጭራሽ! አፍንጫዬን በልቶኝ ነው!"

ጋሼ ቁም አሰብ አደረጉ። ከዚያ በዚያው በተዘረጋው እጃቸው አፍንጫውን ማከክ ጀመሩ።

"እዚህ ነው?"

"ትንሽ ወደ ግራ። አለፉት። ወደ ኋላ... እዚያ! ይቁሙ!"

ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲያስቆሙ የኖሩት ሰውዬ ቀጥ አሉ።

"ይሄ ግን ሰላምታ አይባልም" አሉ ጣታቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ። ዞር ሲሉ፣ ከሣጥኑ ወዲያኛው በኩል ሌላ ጥንድ ጓንት እንደ ፊኛ ተነፍቶ አዩ። ሰዓታቸውን ፈቱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ እጃቸውን ሰደዱ። ጎማ ለጎማ ተጨባበጡ።

ጠበቅ አደረገ። ዓይን ዓይናቸውን አየ። አንዱ ዓይኑ ግን ሾልኮ ወደ ማሞቂያዋ ሄደ። ብርጭቆዋ ጠቁራ እንደ አዲስ ጫማ ታበራለች!

"ጋሼ፣ ይልቀቁኝ!"

"ገና ነው።"

ጠርዟ ቢጫ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋባት ናት፤ ከእጮኛው ጋር ግን ሰርግ አስቧል። አሰበ፣ አላበው፣ እጁን መንጭቆ አስለቀቀ። ወረንጦውን አፈፍ አድርጎ አነሳት። ተርፋለች።

"እጁን የነጠቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም" አሉ ጋሼ ቁም ቀስ ብለው።

"ይቅርታ ጋሼ። ግን..."

"አሁን ምን ቀራት?"

"ሁለተኛው ልባስ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሃል? ወረንጦውን ወዲህ በል፣ እኔ ልያዛት!"

ልጅቷ፣ የግቢው ዘበኛ በር ላይ "አባትሽ ገብተዋል" ቢላት ነፍሷን ሳታውቅ እየሮጠች ስትደርስ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ክንዳቸውን ሣጥን ውስጥ ከትተው አገኘቻቸው።

"ወይኔ! ሰላም ተባባላችሁ?"

"አትተንፍሺ!" አሏት በአንድ አፍ።

አፏን በእጇ ያዘች። በጣቶቿ መሃል፣ "አባዬ፣ እጁ እንዴት ነው?" አለች።

"እጁ ጎማ ነው። የያዘውን ግን አይለቅም" አሉ ዓይናቸውን ከብርጭቆዋ ሳያነሱ። "አሁን ነይ አፍንጫዬን እከኪልኝ። ወደ ግራ። ወደ ግራ! አለፍሽው።"